የቅንጣት ማፍጠኛ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር መፈተሻ ሲሙሌተሮች

የቅንጣት ማፍጠኛ ኤሌክትሮንን ወይም ፕሮቶንን ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ የሚነዳ ማሽን ነው። ማግኔቶቹንና የቫኪዩም ፓምፖቹን የሚያዘው ሶፍትዌር ቢሳሳት ጉዳቱ በኮምፒውተር ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው፣ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ትልቅ ማፍጠኛ ውስጥ የሚዞረው እያንዳንዱ ጨረር (የቅንጣቶች ጅረት) በዲዛይኑ መሠረት 362 ሜጋጁል ኃይል ይሸከማል፤ 500 ኪሎ ግራም ያህል መዳብ ለማቅለጥ ይበቃል። ያልተፈተሸ ፕሮግራም እንዲህ ባለ ማሽን ላይ አይጫንም። አስቀድሞ የሚፈተሽበት ቦታ ሲሙሌተር ይባላል፤ የማሽኑን ጠባይ በኮምፒውተር አስመስሎ ለሶፍትዌሩ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው።

የፍተሻ ጉድለት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ሕክምና ማፍጠኛ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከመጠን እጅግ ያለፈ ጨረራ ተቀብለዋል፤ ከእነርሱም ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። ከስህተቶቹ አንዱ የሚከሰተው ባለሙያው ያስገባውን ትእዛዝ ማግኔቶቹ ቦታቸውን ሳይዙ በፍጥነት ሲያርም ብቻ ነበር። በቀደሙት ሞዴሎች አደጋን የሚያግድ የሃርድዌር መቆለፊያ ነበረ፤ በዚህኛው ግን ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ተትቶ ነበር። ስለዚህ ሲሙሌተር የመሣሪያውን ቁጥሮች ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ ለመፈጸም የሚወስድበትን ጊዜም መቅዳት አለበት።

በብዙ ማፍጠኛዎች የሚሠራበት ኤፒክስ በአሜሪካ በሎስ አላሞስና በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች የተጀመረ ነጻ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። በእርሱ ውስጥ እያንዳንዱ ልኬትና ትእዛዝ በመረብ ላይ የሚጠራበት የራሱ ስም አለው። ያንኑ ስም ከእውነተኛው መሣሪያ ይልቅ አንድ ተራ ኮምፒውተር ሊመልስለት ይችላል፤ ጠያቂው ፕሮግራም ከስሙ በቀር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ልዩነቱን አይለይም። የአንድን ልኬት ዋጋ ከመሣሪያ አንብቦ የሚይዘው የኤፒክስ መዝገብም ወደ ማስመሰያ ሁኔታ ሲዞር ዋጋውን ከሌላ ምንጭ ይወስዳል። ይህ ሲሆን የማንቂያ ምልክት እንዲያሳይ ማድረግም ይቻላል፤ ኦፕሬተሩ የተመሰለውን ቁጥር እውነት ብሎ እንዳይቀበል። ይህች ጥንቃቄ ትንሽ ብትመስልም በሥርዓቱ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ይበልጥ የምትከበር ይመስለኛል።

መሣሪያን አንድ በአንድ መምሰል ግን ጨረሩ ራሱ ምን እንደሚሆን አይናገርም። የአንድ ማግኔት ኤሌክትሪክ ሲለወጥ የጨረሩ መንገድ በሚዞርበት ቀለበት ሁሉ ይለወጣል፤ ይህን ለማሳየት የፊዚክስ ስሌት ያስፈልጋል። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ በፈረንሳይ ግረኖብል የሚገኘው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን፣ ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያዞረ ለምርምር ኤክስሬይ የሚያመነጭ ተቋም፣ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ማሽኑን አጥፍቶ በዚያው 844 ሜትር ዙሪያ ባለው ዋሻ ውስጥ ፍጹም አዲስ የኤሌክትሮን ቀለበት ዘረጋ። ቀለበቱ ገና ሳይሠራ ታንጎ በተባለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ላይ አምሳያው ተሠራ። ፕሮግራመሮች ለማግኔቶቹ የሚልኩት የኤሌክትሪክ መጠን ወደ መግነጢስ ጥንካሬ ይቀየራል፤ አክስለሬተር ቱልቦክስ የተባለው የስሌት መሣሪያ የጨረሩን መንገድ ያሰላል፤ ውጤቱም የጨረር ቦታ ጠቋሚዎቹ የለኩት ንባብ ሆኖ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ፕሮግራሞች ኤሌክትሮን ሳይኖር ተጽፈው ተፈትሸው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ጨረሩ በአዲሱ ቀለበት መዞር ጀመረ፤ በኦገስት 2020 ደግሞ ማሽኑ ለተመራማሪዎች ተከፈተ። ማሽኑን ዳግም ለማስነሳት የነበረው ጊዜ አጭር ስለነበር ቅድመ ዝግጅቱ ብዙ ድካም አቅልሏል።

የዚህ ሥራ አስቸጋሪ ክፍል ብልሽትን መምሰል ነው። ሁልጊዜ ጤናማ የሆነ አምሳያ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ማሽን ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ አያሳይም። በስዊድን ሉንድ ለሚገነባው፣ በማፍጠኛ ለምርምር ኒውትሮን ለሚያመነጨው የኒውትሮን ምንጭ የተሠራው ልዊስ የተባለ መሣሪያ በዚህ ረገድ ይጠቅማል፤ የአንድን መሣሪያ ሁኔታዎች ከቆመበት እስከ ሙሉ ሥራው፣ ስህተት ላይ ያለበትንም ጨምሮ፣ በሽግግሮቻቸው ይገልጻል፤ ፈታሹም ከሚፈልገው ሁኔታ ማስነሳት ይችላል። በጨረሩ ስሌትም እንዲሁ ማግኔቶች ከቦታቸው በጥቂቱ እንደተዛነፉ፣ ጠቋሚዎችም የተሳሳተ ንባብ እንደሚሰጡ ሆን ተብሎ ይጨመራል። ይህ ካልተደረገ የጨረሩን መንገድ የሚያርመው ፕሮግራም የሚያርመው ነገር አያገኝም።