ሰማያዊ ካርቦን ምንድን ነው? ዛጎልስ ይቆጠራል?

በባሕርና በባሕር ዳር የሚኖሩ ሕያዋን ይዘው የሚያስቀሩት ካርቦን ነው ሰማያዊ ካርቦን የሚባለው። ስሙ የገነነው በ2009 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሪፖርት ካወጣ በኋላ ነው። ያኔ የተወራው ስለ ማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ)፣ ስለ ባሕር ሣርና ስለ ጨዋማ ረግረግ ነበር። አሁን ደግሞ የባሕር አረምና ኦይስተርን የመሰሉ ዛጎል ለበሶችም ይግቡ እየተባለ ነው።

እንደ ጎተራ አስቡት። ዛሬ የገባው እህል ነገ ከወጣ ምኑን ጎተራ ሆነ?

ከዛጎሉ እንጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ዛጎል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር፤ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው። በቃ ኦይስተር ያረባ ካርቦን አስቀመጠ ማለት ነው? አይደለም። እንስሳው ካርቦኑን የሚያገኘው ከአየር ሳይሆን ውሃው ውስጥ ከሟሟ ባይካርቦኔት ነው፤ ሁለት ይወስድና አንዱን ዛጎል ሲያደርገው ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን የባሕሩ ውሃ መልሶ ይይዘዋል፣ አብዛኛው ግን ወደ አየር ሊወጣ ይችላል። እንስሳው ራሱም ይተነፍሳል። ኦይስተር መኖ አይፈልግም፣ ውሃ ያጣራል፣ ከበሬ ሥጋ ጋር ሲተያይ ለአየር ንብረት በጣም የተሻለ ምግብ ነው፤ ይርባ። የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ይህን ያህል ካርቦን አስቀርቻለሁ የሚል ለገበያ የሚቀርብ ማረጋገጫ፣ ይሸጥበት ሲባል ግን እኔ የለሁበትም።

የባሕር አረም ይሻላል። ኬልፕ የሚባለው ግዙፍ የባሕር አረም ሲመቸው በቀን እስከ ግማሽ ሜትር ይረዝማል፣ ካርቦኑንም በፎቶሲንተሲስ ይስባል። ግን ከተበላ ወይም ዳር ወጥቶ ከበሰበሰ ካርቦኑ ተመልሶ ይወጣል፤ የሚቆጠረው ተሰባብሮ ወደ ጥልቁ የሰመጠው ወይም ደለል የቀበረው ብቻ ነው። በ2016 የወጣ ጥናት ይህን በመላው ዓለም በዓመት 173 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ገደማ ብሎ ገምቶታል፣ ከ61 እስከ 268 ሊሆን ይችላል እያለ። ልዩነቱን ተመልከቱ! በዚህ ላይ ተመሥርቶ ክሬዲት መሸጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ደግሞ ኬልፕ ሙቀት አይችልም። ከ2014 ጀምሮ ውሃው ሲሞቅና ኬልፕ በሊታው የባሕር ጃርት ሲበዛበት፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ዳርቻ ከነበረው የኬልፕ ደን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጥቂት ዓመታት ጠፍቷል።