«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ»

ተረቱን ያልሰማ ስለሌለ ባጭሩ ልለፈው። ጅብና አህያ አንድ ወንዝ ላይ ይገናኛሉ። ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች ሆነው ሲጠጡ ጅቡ ቀና ይልና «ምነው ውሃውን ታደፈርሺብኛለሽ?» ይላታል። «ውሃው የሚወርደው ከአንተ ወደ እኔ ነው፤ ሽቅብ አይፈስ» ትለዋለች። ጅቡ ዝም ይልና ሌላ ሰበብ ማሰላሰል ይጀምራል። አህያዋ ይህን ስታይ ነው «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው።

ልጅ ሆኜ የተረቱ ወንዝ የጎንደሩ ቀሃ ይመስለኝ ነበር። እንጨት አራግፈው የሚመለሱ አህዮች ሲጠጡ አይቻለሁ። ጆሯቸውን ወደ ኋላ አጥፈው፣ ከንፈራቸውን ብቻ ውሃው ላይ አስነክተው፣ ቀስ ብለው ነው የሚጠጡት። በማደፍረስስ በሬ ይከሰስ፤ ዘው ብሎ ገብቶ ያቦካዋል። ማታ ደግሞ ጅቡ ከከተማው ዳር ሲያላዝን ስለምሰማ ክሱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አልቸገርም ነበር።

ቃላቱን አንድ በአንድ ማየት ደስ ይላል። «አመካኘ» እና «ምክንያት» ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ምክንያት ነገሩን ያመጣው ነው። ማመካኛ ግን ነገሩ ከተቆረጠ በኋላ የሚደረብለት ልብስ ነው። ብዙ ሰው ካን አላልቶ «ሳታመኻኝ» ይለዋል፤ ሁለቱም ትክክል ነው። «አያ» ደግሞ በእኛ በኩል በገጠሩ ለታላቅ ወንድምና በዕድሜ ለሚበልጥ ወንድ የሚሰጥ መጠሪያ ነው። አህያዋ የሚበላትን ሳይቀር በአክብሮት ትጠራዋለች። ሆኖም «ሳያመካኙ ይብሉኝ» አላለችም፤ ስሙን አክብራ ግሱ ላይ አንተ አለችው። ይህ አነጋገሩን ለአለቃው ሊናገር ለሚያስብ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሁነው፤ ሲያዩት ትሕትና ይመስላል እንጂ ሰውየውን ጅብ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ አህያዋ ያላለችው ነው። «አትብላኝ» አላለችም። ይኸው ተረት በሌላ አገር በተኩላና በበግ ይነገራል፤ እዚያ በጉ እስኪበላ ድረስ ይከራከራል። የእኛዋ ክርክሩን ትታ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብትበላም በውሸት ክስ እንዳትበላ። ለእኔ የእኛው ይበልጣል።

አነጋገሩ በዓለም ፖለቲካ ላይ ሲውል የሰማሁት በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ፒያሳ አጠገብ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነበር። ጋሼ የሲንጀር መኪናውን በእግሩ እየረገጠ፣ መደርደሪያው ላይ ያለችው ሬዲዮ ስለ ኢራቅ ታወራለች። የአሜሪካው ምክትል የመከላከያ ሚኒስትር ፖል ዎልፎዊትዝ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2003 የፈረሙት ትእዛዝ ይፋ የሆነበት ሰሞን ነው። ለኢራቅ መልሶ ግንባታ በተመደበው 18.6 ቢሊዮን ዶላር 26 ዋና ዋና ውሎች ይሰጣሉ፤ መብራት፣ ውሃ፣ ነዳጅ፣ ሕንፃ፣ ስልክ፣ የአዲሱ ጦር ትጥቅ። ለመወዳደር የሚችሉት የ63 አገሮች ድርጅቶች ብቻ ናቸው። አሜሪካ ኢራቅ ላይ የከፈተችውን ጦርነት የተቃወሙት ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ሩሲያ የሉበትም። ወታደር አልክም ያለችው ካናዳም የለችበትም።

ከእኔ ቀድሞ ኮቱን ሊወስድ የመጣ ጡረተኛ መምህር ነበር። «ቤቱን አታቃጥሉ ያለ ሰው ቤቱ ሲሠራ እንጨት እንዳያቀርብ ይከለከላል እንዴ?» አለ።

«እንጨቱ የሚገዛው በአቃጣዩ ገንዘብ ከሆነስ?» አለ ጋሼ መርፌውን ሳያቆም። «ወንፈል ያልመጣልህን ሰው እርሻው ላይ ትሄድለታለህ?»

የጋሼ ነገር ቀላል አይደለም። ገንዘቡ የአሜሪካ ምክር ቤት ከግብር ከፋዩ ኪስ የመደበው ነው። ኢራቅ ከነዳጅ ያገኘችው ገቢ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ለብቻው በሌላ ቋት ይቀመጥ ነበር። በራሱ ገንዘብ የሚያሠራ ሰው ሠራተኛውን ይመርጣል፤ አጥር ሲታጠር የጠራነውንና ያልጠራነውን ጎረቤት ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩም ይህን አልካደም። የተናደደው በሌላ ነው። ትእዛዙ «ወንፈል አልመጡም» አይልም፤ ውድድሩ የተገደበው የአሜሪካን መሠረታዊ የደኅንነት ጥቅም ለመጠበቅ እንደሆነ ነው የሚለው። በዚያው ትእዛዝ መሠረት የተከለከሉት አገሮች ድርጅቶች በንዑስ ተቋራጭነት መግባት አይከለከሉም። እንግዲህ የጀርመን ድርጅት ዋና ተቋራጭ ሆኖ ጄኔሬተር ቢተክል ለአሜሪካ ደኅንነት አስጊ ነው፤ በሌላ ድርጅት ስር ሆኖ ያንኑ ጄኔሬተር ቢተክል ግን ምንም አይደለም። ለደኅንነት ሲባል የተከለከለችው ካናዳም በዚያው ወቅት ወታደሮቿን አፍጋኒስታን፣ ካቡል ላይ አሰማርታ ነበር።

«ውሃው ሽቅብ ፈሰሰ በለኛ!» አለ ጋሼ፤ መኪናውንም ያን ጊዜ አቆመ። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ አትሉትም?»

እኔም ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የማስበው እንደ ጋሼ ነው። ጦርነት የተቃወመ አገር የሌላውን ገንዘብ የመካፈል መብት የለውም፤ እውነተኛውን ምክንያት የመስማት መብት ግን አለው። የሚያስቀውም እውነተኛው ምክንያት ብዙ አለመቆየቱ ነው። ፕሬዚዳንት ቡሽ ዲሴምበር 11 ቀን ሲጠየቁ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ተናገሩ። ሕይወታቸውን ለአደጋ ያጋለጡት የእኛና የወዳጆቻችን ልጆች ናቸው፤ የውሉ አሰጣጥም ይህንኑ ያሳያል፤ ግብር ከፋዩም የሚጠብቀው ይህንን ነው የሚል መልስ ሰጡ። ወደድንም ጠላንም ይህ ሳያመካኙ መብላት ነው።

ታዲያ የበታች ሹሙ ለምን አመካኘ? እዚህ ላይ ጅቡን ለብቻው መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአሜሪካ የግዥ ሕግ ውድድሩ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ በዓለም የንግድ ድርጅት ስር ያለው የመንግሥት ግዥ ስምምነትም አባል አገሮች አንዳቸው የሌላውን ድርጅት እንዳያገልሉ ይከለክላል። በዚያ ስምምነት ከተተዉት ጥቂት ቀዳዳዎች አንዷ «ደኅንነት» የምትባለው ናት። «እነዚህ አኩርፈውናል» የሚል ቀዳዳ የለም። የአውሮፓ ኅብረትም ወዲያው ያስታወቀው ትእዛዙን ከዚህ ስምምነት አንጻር እንደሚመረምር ነው። ወንዙ ዳር ሕግ ቢቆም ኖሮ የእኛም ጅብ «የደፈረሰ ውሃ» የሚል ቅጽ ሳይሞላ አይበላም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ደንብ ሁሉ ይህን አመል ያመጣል፤ ክፉውን ሥራ ባያስቀር እንኳ ሰውየው ሰበብ እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ የተጻፈ ሰበብ ደግሞ ይመረመራል። አህያዋ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል እንጃ።

ጊዜውም አልተመረጠም። ትእዛዙ በተፈረመበት ቀን የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የኢራቅ ዕዳ እንዲሰረዝ አበዳሪዎቹን እንዲያግባቡ ተሹመው ነበር። አበዳሪዎቹ እነማን ናቸው? ከትልልቆቹ መካከል ሩሲያ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ይገኛሉ። የሩሲያው መከላከያ ሚኒስትር ኢራቅ ድሃ አገር እንዳልሆነችና ዕዳዋን የመሰረዝ ሐሳብ እንደሌላቸው ለመናገር አልዘገዩም። ካናዳ በጃንዋሪ 2004 በሁለተኛው ዙር ውል እንድትገባ ተፈቀደላት። የፓሪስ ክለብ የሚባሉት አበዳሪ አገሮችም በኖቬምበር 2004 ኢራቅ ከነበረባት የ38.9 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ 80 በመቶውን ለመሰረዝ ተስማሙ።

ኢራቃውያን እ.ኤ.አ. በ2009 የነዳጅ ማሳዎቻቸውን ራሳቸው ሲያጫርቱ ደግሞ ሩሜላን የእንግሊዙ ቢፒና የቻይናው ብሔራዊ የነዳጅ ድርጅት አብረው አሸነፉ። የሩሲያው ሉክኦይል ዌስት ቁርና ሁለትን ከኖርዌይ ድርጅት ጋር ወሰደ፤ የፈረንሳዩ ቶታል በሃልፋያ ድርሻ አገኘ። ቻይናም ከ63ቱ ዝርዝር ውጭ ከነበሩት ናት። እነዚህን አገሮች አህያ ማለት እንግዲህ ይከብዳል።

እኛስ? ኢትዮጵያ ወታደር ባትልክም የጦርነቱ ደጋፊዎች ዝርዝር ውስጥ ስለነበረች ከ63ቱ አንዷ ሆናለች፤ ኤርትራም እንዲሁ። ሬዲዮዋ ይህን ስትናገር ሦስታችንም ሳቅን። ጋሼ ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ተረተ፤ ባግዳድ ወርዶ የወታደር ልብስ መለኪያ ሊይዝ እንደሚችልም ቀለደ።

በመጨረሻ መምህሩ ኮቱን ለበሰ። መስኮቱ ጋ ሄዶ እጅጌውን በብርሃን አገላበጠና የቁልፉ ክር ከኮቱ ቀለም ጋር እንደማይሄድ ተናገረ። ዋጋ ሊያስቀንስ እንደሆነ ገባን። ጋሼ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየውና «አያ ጅቦ!» አለው። የቀረውን ሳይጨርስ ሁለት ብር መለሰለት።

ክሩ ግን እውነትም ጠቆር ያለ ነበር።