«ትከሻው ነው» እና ሌሎች ስለሚያነክስ ፈረስ የምንሰማቸው ስህተቶች

ወሎ ፈረስ የሚወድ አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤልን እንኳ «አባ ሻንቆ» የምንላቸው በፈረሳቸው ስም ነው። ግን ፈረስ መውደድና የፈረስ እግር አንስቶ ማየት ለየቅል ናቸው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ለወራት ያነከሱ ፈረሶች ይመጡልኛል። ብዙዎቹ ታክመዋል፤ የታከሙት ግን ያላመማቸው ቦታ ላይ ነው።

«ትከሻው ወለም ብሎት ነው»

ከሁሉ በላይ የምሰማው ይሄን ነው። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ አንድ አዛውንት ባለጋሪ ዳማ ፈረሳቸውን እየጎተቱ መጡ። ሁለት ወር ሙሉ ሻል ሲለው፣ መልሶ ሲብስበት ቆይቷል። ትከሻው ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰበት ገና አልደረቀም።

«አባባ፣ ኮቴውን አንስቶ ያየው ሰው አለ?»

«ኮቴ ምን ይሆናል ልጄ፣ ድንጋይ እኮ ነው።»

አነሳሁት። ጭቃውን ስጠርግ ከታች፣ ጫፉ አካባቢ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። ቀስ ብዬ ስፈለፍላት የጠቆረና የሚሸት መግል ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፈረሱ ያንን እግሩን መሬት ላይ ጣል አደረገው።

ፈረስ ሲያነክስ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ኮቴው ውስጥ ነው፤ በተለይ የፊት እግሮቹ ላይ። ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ትከሻው ከስቶ ብታዩት እንኳ፣ ብዙ ጊዜ እግሩን ሳይጠቀምበት ስለቆየ ነው።

«ራሱን ሲደፋ የረገጠበት እግር ነው የታመመው»

የተገላቢጦሽ ነው። የታመመውን የፊት እግር ሲረግጥ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ጤነኛውን ሲረግጥ ይደፋል። ሜዳ ላይ ሶምሶማ አስኪዱትና ፊት ለፊት ቆማችሁ እዩ።

«መተኮስ ሕመሙን ያወጣዋል»

የሚቃጠለው ቆዳው ነው፤ መግሉ እዚያው ኮቴው ውስጥ አለ። ተተኩሶ ሰሞኑን የሚሻለው ከሥራ ስለሚያርፍ ነው። ማረፉስ ያለ እሳትም ይቻል ነበር! ቁስሉ ደግሞ ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይከፍታል። ይህ በሽታ ፈረስ ላይ እጅግ ይጠናል።

«አንድ ኦክሲ ቢወጋ ይድናል»

ኦክሲቴትራሳይክሊን መጥፎ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። የተቋጠረ መግል ግን ከመርፌ በፊት የሚፈልገው መውጫ ነው። ተከፍቶ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ ደረቅ ቦታ ሲቆም በጥቂት ቀን ለውጥ ታያላችሁ። መክፈቱን ለባለሙያ ተዉት፤ ጠልቆ የገባ ቢላዋ አጥንት ይነካል። የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ጋሪ ማስጎተትማ ባይወራ ይሻላል።

«ደክሞት ነው፣ ገብስ ጨምሩለት»

የምር የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አውድማ ላይ እንደልቡ ሲበላ የዋለ፣ ወይም ሌሊት ተፈቶ የገብስ ጆንያ ያገኘ ፈረስ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል። አልራመድም ይላል። ባለቤቱ ስንፍና ይመስለዋል። ኮቴውን ስትነኩት ይሞቃል። ከኮቴው ከፍ ብሎ መታጠፊያው ጋ፣ በጎንና በጎኑ ጣታችሁን ብታሳርፉ የደም ሥሩ በኃይል ሲመታ ይሰማችኋል።

እህሉ በብዛት ሲገባ ትልቁ አንጀት ውስጥ ይቦካል። ከዚያ የሚነሳው ጣጣ ወርዶ ወርዶ ኮቴውን ከውስጡ አጥንት ጋር የሚያያይዙትን ስስ ንጣፎች ያላላል። ሲብስ አጥንቱ ዞሮ ወደ ታች ይሰምጣል። ሕመሙ ሥር ሲሰድ ኮቴው ላይ ቀለበቶች ይታያሉ፤ ፊት ለፊት የተጠጋጉ፣ ተረከዙ ጋ የተራራቁ። ለእንዲህ ያለ ፈረስ ገብስ መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። እህሉን አቁሙ። ድርቆሽና ውሃ ስጡት፣ ጭድ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉለት፣ ሐኪም ጥሩ። ነገ አይደለም፣ ዛሬውኑ።

«የተሰነጠቀ ኮቴ በተቃጠለ ዘይት ይገጥማል»

ስንጥቅ አይገጥምም፤ አድጎ ነው የሚያልቀው። ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከላይ ጸጉሩ ሥር የበቀለው ከፊት ጫፉ ለመድረስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል። የሞተር ዘይቱ ቆሻሻውን ስንጥቁ ውስጥ ከማፈን ሌላ ጥቅም የለውም። የሚበጀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በሚያውቅ ሰው ማስሞረድና መታገስ ነው።

«አንዴ ያነከሰ አለቀለት»

አጥንቱ ክፉኛ የዞረበት ፈረስ ወደ ጋሪ ላይመለስ ይችላል፤ አልዋሽም። ግን አስፋልት ዳር ተጥለው ከማያቸው መካከል ኮቴያቸው አንድ ቀን እንኳ ተነስቶ ያልታየ አሉ።

የዳማው ባለቤት አሁን ማታ ማታ ጋሪውን ሲፈቱ አራቱንም እግር እያነሱ ይጠርጋሉ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣ «አብሽር፣ አይቼዋለሁ!» ብለው ጮኹ።