የሉቢች አሻራ ምንድን ነው?

ንጉሡ ከንግሥቲቱ መኝታ ክፍል ወጥቶ ደረጃውን ይወርዳል። በሩ ላይ ዘብ የቆመው መኮንን ወዲያው ይገባል። ካሜራው ግን አይከተለውም፤ የተዘጋው በር ፊት ቆሞ ይቀራል። ንጉሡ ሰይፍና ቀበቶውን ረስቶ ኖሮ ይመለሳል። አሁን ጉድ ሊፈላ ነው ስንል፣ ገብቶ ዕቃውን ይዞ በሰላም ይወጣል። ደረጃው ላይ ሊታጠቅ ሲሞክር ቀበቶው ለቦርጩ አይደርስም። የሌላ ወንድ ቀበቶ ነው።

ይህ የፊልም ዳይሬክተሩ ኤርንስት ሉቢች በ1934 ከሠራው «ዘ ሜሪ ዊዶው» የተወሰደ ትዕይንት ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፊልም ሰዎች «የሉቢች አሻራ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፦ ዋናውን ነገር ደብቆ፣ በአንድ ዕቃ ወይም በአንድ በር በኩል ተመልካቹ ራሱ እንዲደርስበት ማድረግ። ውስልትናውን ማንም አልተናገረም፤ ቀበቶው አሳበቀ።

ሉቢች የበርሊን ልጅ ነው። በጀርመን ስም ካተረፈ በኋላ በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1924 ለዋርነር ብራዘርስ የሠራው ድምፅ አልባ ኮሜዲ «ዘ ሜሪጅ ሰርክል» ቪየና ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጥንዶችን ይከተላል። ገና ሲጀምር አዶልፍ ሜንዡ የሚጫወተው ባል የተቀደደ ካልሲ ይዞ ይታያል። የእሱ መሳቢያ ባዶ ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ የሚስቱ ግን በካልሲ ተጨናንቋል። ስለዚህ ትዳር ሌላ ምን ማወቅ ያስፈልጋል? የተዋደዱትን ጥንዶች ደግሞ ቁርስ ላይ እናገኛቸዋለን። የምናየው እጃቸውን ብቻ ነው፤ አንደኛው እንቁላል ይሰብራል፣ ሌላኛው ቡና ያማስላል። ከዚያ እጆቹ ይጠፋሉ፤ እንቁላሉና ቡናው ብቻቸውን ይቀራሉ።

በእርግጥ ቻርሊ ቻፕሊን ከአንድ ዓመት በፊት በ«ኤ ውማን ኦቭ ፓሪስ» ተመሳሳይ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ሜንዡም እዚያው ነበረ።

ስልቱን የወለደው የሳንሱር ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። በየግዛቱ ሳንሱር የነበረ ቢሆንም፣ በፊልም ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚወስነው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ መተግበር የጀመረው በ1934 አጋማሽ ነው። ሉቢች በሩን መዝጋት ከጀመረ ያኔ ዐሥር ዓመት አልፎታል። በሩን የሚዘጋው ሲከፈት ሳቁ ስለሚያልቅ ነው።

የቪየናውን ታሪክ በ1932 በድምፅና በዘፈን «ዋን አወር ዊዝ ዩ» ብሎ እንደገና አቀረበው። ዋናው ተዋናይ ሞሪስ ሸቫልዬ ወደ ካሜራው ዞሮ ጭንቀቱን ለተመልካቹ ያዋያል። ያስቃል፤ ለእኔ ግን ድምፅ አልባው ይበልጥብኛል፤ እዚያ ማንም ምንም አያስረዳኝም።