ማልች እና ኮምፖስት አንድ አይደሉም

እዚህ አዳማ ጓሮ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የሚተክሉ ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ብዙ ጊዜ አያለሁ፣ ማልች አድርጉ ሲባሉ ጥሬውን ገለባ ከአፈር ጋር ይቀላቅሉታል ከዛ ተክሉ ቢጫ ሲሆን ድርቁ ነው ይላሉ። ድርቁ ብቻ አይደለም! ጥሬ ገለባ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት የተክሉን ምግብ ናይትሮጅኑን ይሻሙታል፣ ተክሉ ይራባል።

ማልች ማለት ከላይ ማልበስ ነው በቃ። የበቆሎ አገዳ ቆራርጣችሁ፣ የቦሎቄ ገለባም ደረቅ ሳርም ያላችሁን፣ ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት አፈሩን ታለብሱታላችሁ፣ ግንዱን ግን አታስነኩት ይበሰብሳል። የኛን ፀሐይና ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት የጠጣ አፈር ከሰዓት አቧራ ነው፣ ልባሱ ትነቱን ስለሚቀንስ እርጥበቱ ይቆያል። (ምስጥ ካለ ደረቅ አገዳ ይስበዋል፣ እየገለጣችሁ እዩ። የጤፍ ጭዱን ደግሞ እባካችሁ ለከብት ተዉት፣ በዚህ ኑሮ መሬት ላይ ሲበተን ያሳዝነኛል።)

ኮምፖስት ያው ተረፈ ምርት ከፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ወራት ቆይቶ የበሰበሰው ነው። ከአፈር ጋር የሚቀላቀለው እሱ ነው፣ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፣ ኮምፖስቱ ከስር ማልቹ ከላይ።