ላይቭ ኤሌክትሮኒክስ ምንድን ነው?

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ አራት የምት መሣሪያ ተጫዋቾች ከበሮን፣ ነጋሪትንና ጸናጽልን ከኤሌክትሮኒክስና ከግድግዳ ላይ ምስል ጋር አዋሕደው ባቀረቡ ማግሥት፣ አንድ አስተያየት ሰጪ «ላይቭ ኤሌክትሮኒክስ የሚሉት የተቀዳ ማጀቢያ ከላፕቶፕ ከፍቶ በላዩ ከበሮ መደለቅ ነው» ሲል ጻፈ። ይኸው አባባል ከየዝግጅቱ በኋላ ስለሚደጋገም ዛሬ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

በተቀዳ ሙዚቃ ላይ መምታት ነውር የለበትም፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። ላይቭ ኤሌክትሮኒክስ የሚባለው ተጫዋቹ መድረክ ላይ የፈጠረው ድምፅ እዚያው ተይዞ፣ ተለውጦ ወደ አዳራሹ ሲመለስ ነው። የገደል ማሚቶን እናስብ። ከሸለቆ አፋፍ ቆሞ የሚጣራ ሰው ድምፁ ከማዶ ሲመለስለት፣ ገደሉ ቃሉን አስቀድሞ አጥንቶ አልጠበቀውም፤ ያልተጠራውንም አይመልስም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገደሉ 170 ሜትር ቢርቅ መልሱ ከ1 ሰከንድ በኋላ ይደርሳል። እንግዲህ ይህን ገደል እንዳሻው የሚያቀርብና የሚያርቅ፣ «አሁን ዝም በል፣ አሁን ሦስት ጊዜ ድገም» የሚለው፣ ድምፁን አጎርንኖ ወይም አቅጥኖ እንዲመልስ የሚያደርገው ሰው እንዳለ እንቁጠር፤ የኤሌክትሮኒክሱ ተጫዋች እርሱ ነው። ገደሉ ሲጠጋ ጠሪው አጠራሩን ያፈጥናል፤ ሲርቅ ትንፋሹን ሰብስቦ ይጠብቃል። ከዚህ መደማመጥ የሚወለደው ምት አንዳቸውም ብቻቸውን የማይደርሱበት ስለሆነ፣ «ማጀቢያ» የሚለው ስም አይገባውም።

ላፕቶፑም ቢሆን የግድ አይደለም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው «ሚክሮፎኒ 1» በተሰኘው ሥራ ስድስት ተጫዋቾች የተሰለፉት በአንድ ትልቅ ታምታም (ተንጠልጥሎ በሚመታ ክብ የብረት ሰሌዳ) ዙሪያ ነበር፤ ሁለቱ ከብረቱ ድምፅ ያወጣሉ፣ ሁለቱ ማይክሮፎን ይዘው እያስጠጉና እያራቁ ያዳምጡታል፣ የቀሩት ሁለቱ ድምፁን በኤሌክትሮኒክ ማጣሪያ ይለውጣሉ። ኮምፒውተር አልነበረም።

የእኛ ከበሮ ለዚህ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። ሰፊው ፊቱና ጠባቡ ፊቱ የተለያየ ድምፅ ስለሚሰጡ፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ተለጣፊ ማይክሮፎን በሁለቱም በኩል ቢኖር ይመረጣል። በክረምት ደግሞ ቆዳው እርጥበት ስቦ ስለሚላላ ድምፁ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩ ምቱን የሚለይበት በበጋ የተስተካከለ ልኬት ያን ጊዜ ምቱን ሊስት ስለሚችል ከእያንዳንዱ ዝግጅት በፊት እንደገና መስተካከል አለበት። የተቀዳ ማጀቢያ ቢሆን ኖሮ ስለ ዝናብ ማን ይጨነቅ ነበር?

ስለ ምስሉም «ክሊፕ ነው» ተብሏል። አስቀድሞ የተቀረጸ ምስል የሚጠቀሙ ቡድኖች መኖራቸውን አልክድም። በዚያ መጋዘን ግን የምቱ ጉልበት ወደ ቁጥር ተለውጦ ብርሃኑን ያዝዝ ነበር፤ ማንም ካልመታ ግድግዳው ይጨልማል። በዝግጅቱ መካከል የነጋሪቱ መምቻ ከአንዱ ተጫዋች እጅ አምልጦ የነጋሪቱን ጠርዝ ገጭቶ ወደቀ። ማይክሮፎኑ ያን ድምፅ ያዘው፤ ጎርንኖ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፣ ግድግዳውም ሦስት ጊዜ በራ። የጸናጽሉ ተጫዋች ያንኑ ሦስት ምት ተቀብሎ ቀጠለበት።