የበጎ ፈቃድ ሥራ በስፖርት ትምህርት ክሬዲት የሚታሰበው መቼ ነው?

ግራ የሚያጋባው «ክሬዲት» የሚለው ቃል ነው። ክሬዲት የደግነት ሽልማት አይደለም፤ ተማሪው የተወሰነ ሰዓት ተከታትሎ የሚፈለገውን እውቀትና ችሎታ ማሳየቱን የሚመሰክር እውቅና ነው። በአሜሪካ የቆየው መለኪያ ለአንድ ዓመት ኮርስ 120 ሰዓት ያህል ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ሥራው ጠቃሚ ነበር ወይ?» ሳይሆን «ሰውነት ምን ሠራ፣ ተማሪውስ ምን ተማረ?» የሚል ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ የሚተክል ልጅ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። በእርዳታ ማከፋፈያ ቦታ ተቀምጦ ስም የሚመዘግበው ግን፣ ምንም ያህል ቢመሰገን፣ የአካል እንቅስቃሴ አላደረገም። ቀላል መፈተኛ አለ፦ እየሠሩ መናገር ቢቻልም መዝፈን ካቃተ፣ እንቅስቃሴው መካከለኛ ጥንካሬ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የሚመክረውም ከዚህ ደረጃ ጀምሮ ያለውን ነው።

ላብ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ወገብን ሳይጎዱ ሸክም ማንሳት፣ የልብ ምትን መለካት የትምህርቱ አካል ናቸው፤ እነዚህን የሚያስተምርና የሚመዝን መምህር ከሌለ ቁፋሮው ቁፋሮ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በእኔ እይታ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሰዓት መቁጠሪያ ቅጽ ያስፈርሙና ጉዳዩን ይዘጋሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፤ ያው ሰዓት ለአገልግሎትም ለስፖርትም ሁለት ጊዜ ይቆጠር እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።